ሦስቴ ተጠርቶ

«አይ፣ እኔ ምን አገባኝ፤ ራሱ ነው የሚናገረው» ስትል ሰማት። ልጁ ማድ ቤት ሆና ከአክስቷ ጋር በስልክ ታወራለች፤ እሱ ደግሞ መታጠቢያ ቤት መስተዋት ፊት ቆሞ፣ አንገቱ ላይ ያለችውን መተንፈሻ ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅ ያጸዳል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው፤ ማንኪያ ቢወድቅ እንኳ የትኛው ማንኪያ እንደሆነ ይታወቃል። ቃሏ ጆሮው ሲገባ እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ያስቆመው ደስታ ነው። ሰው ድምፁን ሲያጣ መስማትም ማሰብም ያቆመ ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ ሐኪሙ የሚጠይቀው ልጅቷን ነው፤ ባለሱቁ የሚጠይቀው ልጅቷን ነው፤ ባለታክሲው ሳይቀር አጠገቡ አስቀምጦት «አባትሽ የት ነው የሚወርዱት?» ይላታል። ዛሬ ግን ልጁ ራሱ ይናገራል አለች፤ ያውም ሳምንቱን ሙሉ በዚሁ ጉዳይ ፊቷን አጥቁራ የከረመች ልጅ። ለካ ልቧ መለስ ብሏል አለ በሆዱ። የወለደ አንጀት አይደል፣ በትንሽ ነገር ይርሳል።

ጉዳዩ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ዛሬ ረፋድ ላይ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ትመጣለች። ወንድሟ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ነገር ሲጠማዘዝ አይወድም። እህቱ በዚህ ዕድሜዋ ላገባ ነው ስትለው «ይሁን፣ ግን ሰውዬው ከራሱ አፍ ይንገረኝ፤ በሰው የተላከ፣ በወረቀት የተጻፈ አልቀበልም» አለ። አፍ እንደሌለው ስትነግረው ትንሽ አሰበና «እንግዲያ ያ ማሽኑ ይናገር፤ እሱ ተቀምጦ እያየሁት» አለ። ይህን ስታወራለት ሳቋ አላስችል ብሏት ነበር። «ከብት ካለው አፍ ያለው ያግባሽ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ከብትም አፍም የሌለው አገኘሁ» ብላ በልብስ መለኪያዋ ጉልበቱን ቸብ አደረገችው። የተዋወቁት በአንገቱ ምክንያት ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቀዳዳዋን የሚሸፍንበት ጨርቅ ሊያሰፋ ሱቋ ገብቶ በወረቀት ጻፈላት። ሌላው ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚያሸሽበትን አንገት እሷ ጎንበስ ብላ እንደማንኛውም ኮሌታ ለካችው። «አየር እንዲያስገባ ሳሳ ያለ ይሁን፤ ማሰሪያውን ከኋላ እናድርገው» አለች፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ጨርቁ ሳያረጅ አዲስ ሊያሰፋ ይመላለስ ጀመር። በዚህ ሰሞን ደግሞ የድሮ ኮቱን እያጠበበችለት ነው፤ ከስቷልና ትከሻው ላይ ይንጠለጠላል።

ድምፅ ነበረው፤ ያውም እንዴት ያለ። ዕድሜውን ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ቆሞ ባለጉዳይ ሲጠራ የኖረ ችሎት ጠሪ ነው። እሱ ሲጠራ ከመንገድ ማዶ ዳቦ ቤት የተሰለፈው ሰው ዞር ይል ነበር፤ ነጎድጓድ ያሉት ለዚህ ነው። የችሎቱ ደንብ ሦስት ጊዜ መጥራት ነው፤ ሦስቴ ተጠርቶ ያልቀረበ ፋይሉ ይዘጋበታል። ነጎድጓድ ግን የራሱ ደንብ ነበረው። ሦስተኛውን ከጠራ በኋላ ወደ ዳኛው ከመመለሱ በፊት እስከ ውጪው በር ይወርድና አንድ ጊዜ ደግሞ ዝግ አድርጎ ይጠራል። ይህቺ አራተኛዋ በየትም አልተጻፈችም፤ ደረጃ ላይ ትንፋሽ ላጠራት አሮጊት፣ አውቶቡስ ላመለጠው ምስኪን የምትሰጥ ናት። ዳኞቹ ያውቁ ነበር፣ አይተው እንዳላየ ያልፉታል።

ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ከበቀለው ክፉ ነገር ጋር ተቆርጦ ሲወጣ፣ መላ የፈለገችለት ይህቺው ልጅ ናት። ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ስለሆነች ኮምፒውተር ታውቃለች። አሮጌ ላፕቶፗን አመጣችና ሦስት ትንንሽ ፕሮግራሞች ከኢንተርኔት አወረደችበት። «ሁሉም በነጻ ናቸው አባዬ፤ ሥዕል የላቸው፣ ጌጥ የላቸው» አለችው። ጥቁር መስኮት ይከፈትና ትእዛዝ ይጻፍላቸዋል፤ ሌላ ነገር አያውቁም። አንደኛው ጽሑፍ ክሊፕቦርድ ውስጥ ያስገባል፣ ሁለተኛው ክሊፕቦርድ ውስጥ ያለውን ያወጣል፣ ሦስተኛው የወጣውን ጮክ ብሎ ያነባል። ክሊፕቦርድ ምን እንደሆነ በወረቀት ጽፎ ሲጠይቃት እጇን ዘረጋችለት። «እንደ መዳፍ ቁጠረው። ኮፒ ያደረግከውን ይይዝልሃል። ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚይዘው፤ አዲስ ሲገባ የድሮው ይጠፋል።» ትእዛዞቹን አገጣጥማ አንዲት አጭር ቃል አወጣችላቸው፤ «ጥራ»። የፈለገውን ጽፎ ኮፒ ያደርጋል፤ በጥቁሩ መስኮት «ጥራ» ብሎ «ኢንተር» የሚባለውን ቁልፍ ሲመታ ማሽኑ ይናገርለታል። ድምፁ አፍንጫውን ይዞ እንደሚያወራ ሰው ነው፤ የሆነ ሆኖ ድምፅ ነው። የመጀመሪያ ቀን «ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» አስባለውና ሁለቱም አለቀሱ።

እሱ በበኩሉ ቁጭ ብሎ ትእዛዙን እየነካካ ተማረ፤ ከዚያም አንድ ነገር ጨመረበት። ማሽኑ የተሰጠውን ሦስት ጊዜ እንዲል አደረገው። ልማድ ነው፤ ትንሽ ኩራትም አለበት። «ሻይ አምጪልኝ፣ ሻይ አምጪልኝ፣ ሻይ አምጪልኝ» ሲል ልጁ ከማድ ቤት «ሦስት ብርጭቆ ነው ወይስ አንድ?» ትለዋለች። መሃል ላይ ማቋረጥ ከፈለገ «ኮንትሮል» እና «ሲ» የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ መንካት ነው፤ በሌላ ቦታ ኮፒ የሚያደርጉት እነዚያው ሁለት ቁልፎች በጥቁሩ መስኮት ውስጥ ሲነኩ የጀመረውን ያስቆሙታል። ይህንንም ለልብስ ሰፊዋ እንደ ትልቅ ጥበብ አሳይቷታል። ከመጥራቱ በፊት መዳፉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ማየት የሚችልባት ትእዛዝም አለች። እሷን ግን ተጠቅሞባት አያውቅም፤ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ልጁ ፊት ኪሱን የሚዳብስ ማን አለ?

ከቁርስ በኋላ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ አንድ ሶፋ፣ ሁለት ወንበር፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ቁም ሳጥን፤ ከቁም ሳጥኑ በላይ የሟች ሚስቱ ፎቶ። ፎቶዋን ቀና ብሎ አያትና እንደ መሳቅ አለ፤ በሕይወት እያለች «ከእኔ በኋላ ዝም ብለህ እንዳትቀመጥ፣ ዝምታ አይሆንህም» ያለችው እሷ ናት። ከዚያ በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጻፈ። «እንኳን ደህና መጣችሁ። ድምፄ ሄደ እንጂ ሐሳቤ እዚሁ ነው። እህትዎ ቀሪ ዕድሜዬን አብራኝ እንድትኖር እፈልጋለሁ። እርስዎም ቤቴን እንደ ቤትዎ ይቁጠሩት።» አጠረ መሰለው፤ ሦስቴ ሲባል ግን ይበቃል። ኮፒ አደረገ። የማሽኑን ድምፅ ቀነስ አድርጎ ሞከረው፤ ልክ ነው። ሐሳቡን እንዳይቀይር ብሎ ጽሑፉን ሳያስቀምጥ ዘጋውና መዳፉ ላይ ብቻ ተወው።

«አባዬ፣ ተነስ እንጂ፣ ሸሚዝ ቀይር» አለችው ልጁ ከኋላው መጥታ። «ጠረጴዛውን እኔ ልወልውለው። ስፒከሩንም ልሰካልህ፣ በዚህ በቀጭኑ ድምፅ ማን ይሰማሃል?» የአንገቱን ጨርቅ ከኋላ ፈታ አድርጋ አጠበቀችለት፤ ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ አልነካችውም ነበርና ሆዱ ባባ። መኝታ ቤት ገብቶ ሸሚዙን ሲቆልፍ ከሳሎን የቁልፎች ቀጭ ቀጭ ሰማ። የመወልወያው ጨርቅ ነው አለ በሆዱ፤ ስትወለውል ቁልፎቹን እየነካች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

እንግዶቹ መጡ። ሹፌሩ ደረጃውን ሲወጣ እያማረረ ነው የገባው። ሶፋው ላይ ከፎቶው ሥር ተቀምጦ ስለ ጎማ መወደድ አወራ፤ ልብስ ሰፊዋ ስለ ክር መወደድ፤ ልጅቷ ሻይና ብስኩት እያቀረበች ስለ ቲማቲም። ሁሉም ተወደደ ተባለና ወሬው አለቀ። ልብስ ሰፊዋ ሰማያዊ ሻርፕ አድርጋለች፤ ብርጭቆዋን ሳትጠጣ በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ አንዴ ቀና ብላ አይታው ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ ይዟት ነበር። ነጎድጓድም እንደ ልጅ ተርበተበተ። ልጁ ትሪውን ደረቷ ላይ አስደግፋ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

«በሉ እንግዲህ» አለ ሹፌሩ ብርጭቆውን አስቀምጦ። «እኔ የመጣሁት ከርስዎ ከራስዎ ልሰማ ነው ጋሼ።»

ነጎድጓድ ራሱን ነቀነቀና «ጥራ» ብሎ ጻፈ። «ኢንተር»ን መታ። ያ አፍንጫማ ድምፅ በስፒከሩ ገዝፎ ሳሎኑን ሞላው። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ነገሩን አስቤበት ይቅርብኝ ብያለሁ። ይህ ቤት የልጄ እናት ቤት ነው። ሌላ ሴት አይገባበትም።»

መጀመሪያ ማሽኑ የተሳሳተ መሰለው፤ ወይም እሱ ራሱ ሳያውቅ ከሆነ ቦታ የሰው ጽሑፍ ኮፒ ያደረገ። ቀና ሲል ሹፌሩ ማሽኑን ያያል፤ ልብስ ሰፊዋ እሱን ታያለች፤ ልጁ ግን የምታየው የእናቷን ፎቶ ነው። ከሁሉም ያልደነገጠች እሷ ብቻ ነበረች። ያን ጊዜ ክው አለ። ጣቶቿ ለምን እንደቀዘቀዙ፣ ጠዋት ለአክስቷ ራሱ ነው የሚናገረው ያለችው ምን ማለቷ እንደነበረ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ፤ ይህ ግን ፈረስ አይደለም፣ አፌ ሁኚ ብሎ አፉን የሰጣት ልጁ ናት። ማሽኑ ሁለተኛውን ጀመረ። «ይቅርታ አድርጉልኝ።» የነጎድጓድ ጣቶች ሳይታዘዙ ሁለቱ ቁልፎች ላይ ሄደው ተቀመጡ፤ ጫን ቢል ይቆማል። ቢያቆመው ግን ሹፌሩ ምንድን ነው ነገሩ ማለቱ አይቀርም። ይህን ማን ጻፈ ይላል፤ እቤቱ ውስጥ ደግሞ ከአባትና ከልጅ በቀር ሰው የለም። ልጁ በባዕድ ፊት፣ ትሪ እንደያዘች፣ የአባቷን አፍ የሰረቀች ሆና ስትቆም ታየው። «ሌላ ሴት አይገባበትም» አለ ማሽኑ ለሁለተኛ ጊዜ። ልጁ ዓይኗን ከፎቶው አንስታ አየችው፤ ሕፃን ሆና ብርጭቆ ሰብራ ስትቆም የምታየው ዓይነት አስተያየት ነው። ጣቶቹ እንደተቀመጡ ቀሩ። ማሽኑ ሦስተኛውን እስከ ጫፉ ተናገረና ዝም አለ።

«ሰማን» አለ ሹፌሩ እየተነሳ። «አንዴም ይበቃን ነበር።»

ነጎድጓድ ዘሎ ተነሳ። ራሱን እየወዘወዘ፣ እጁን እያወናጨፈ የሹፌሩን እጅጌ ያዘ። ሰውዬው ግን ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎት ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አይጨነቁ ጋሼ፣ ሰው ነዎት፣ ሐሳብ ይቀየራል። እኛም ደረጃ ወጣን እንጂ ሌላ የጎደለብን የለም።» ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ቁልፎቹ ላይ የነበረውን የእሱን እጅ አየችው፤ ሻርፗን አስተካክላ፣ ለልጅቷ «ለሻዩ እናመሰግናለን» ብላ ወጣች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አፉ የሰው ቢሆንም እንኳ።

ልጁ ብርጭቆዎቹን ትሰበስብ ጀመር። ነጎድጓድ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው፤ ብስኩቱ ከሳህኑ ዘለለ። ለምን? አለ ከንፈሩ ያለ ድምፅ። ቀና አላለችም። «ክሊፕቦርድ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚይዘው» አለች ብርጭቆዎቹን ትሪው ላይ እየደረደረች። «አዲስ ሲገባ የድሮው ይጠፋል ብዬ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።» ከዚያ የእናቷን ፎቶ በክንዷ እንደ ዋዛ አበስ አደረገችና ወደ ማድ ቤት ገባች። ሊከተላት ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። ድምፅ ያለው አባት በር ላይ ቆሞ ይጮሃል፤ ድምፅ የሌለው ግን ልጁ ዞር ብላ ካላየችው የተናገረው ሁሉ አየር ላይ ይቀራል።

ከምሳ ሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄደ። ሱቋ ከጫማ ጠጋኙና ከቁልፍ ቀራጩ መካከል የተወሸቀች አንዲት ክፍል ናት፤ በሩ ላይ ያለቀላቸው ልብሶች ይንጠለጠላሉ፣ ወለሉ በቁርጥራጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። እሷ የማሽኗን መርገጫ እየረገጠች ረጅም መጋረጃ ትሰፋለች። እሱ እንደገባ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ። «ቃሉ የኔ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች፤ መስፋቷን ሳታቆም። «አንተ እኔን ‹ሌላ ሴት› አትለኝም። ገና የመጀመሪያውን ሲናገር አውቄአለሁ።»

ትንፋሹ በአንገቱ ቀዳዳ ሲያፏጭ ተሰማ። ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ሲል እጇን አነሳች፤ ተቀመጥ ማለት አልነበረም። መርገጫው ቆመ።

«ግን እኮ ሦስቴ ነው የተናገረው። እኔ ማሽኑን አልሰማሁም፤ እጅህን ነበር የማየው። ማቆሚያው የቱ እንደሆነ ራስህ ነህ ያሳየኸኝ። በመጀመሪያው፣ ደንግጦ ነው አልኩ። በሁለተኛው እጅህ ሄዶ ሲቀመጥ አሁን ያቆመዋል አልኩ፤ ወንድሜን ምን ብዬ እንደማስቀው ሳይቀር አስቤ ነበር።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ልጅቷ ላይ አልፈርድም። እሷ እናቷን ጠበቀች። አንተ ማንን ጠበቅክ?»

ወረቀቱ ላይ «ልጄ ናት» ብሎ ጻፈ። አነበበችውና ራሷን ነቀነቀች። «እሱን ነው እኮ የምልህ» አለች፤ ድምጿ ላይ ቁጣ የለም፤ ቢኖር ይሻለው ነበር። ተነስታ ከተንጠለጠሉት ልብሶች መሃል ኮቱን አወረደች። ጎኑ ጠቧል፤ አንደኛው እጅጌ ግን ገና በነጭ ክር ለጊዜው ተያይዞ ነው ያለው። «ክሩን እንዳትመዘው፣ እጅጌው ይወልቃል። ሌላ ሰፊ ይጨርስልሃል።» ኮቱን ክንዱ ላይ አደረገችለትና ወደ መጋረጃዋ ተመለሰች። በሩ ላይ ትንሽ ቆመ፤ መርገጫው እንደገና ሲጀምር ሄደ። መንገዱን ሁሉ ሲያስብ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ልጁን ከማያውቃት ሰው ፊት አዳናት፣ የምታውቀውን ሴት ግን ሦስቴ አስጠርቶ ሸኛት። ነዶት ነዶት ማንን እንደሚቆጣ ጠፋው።

ሲመሽ እቤት ደረሰ። ሳሎኑ ተጠርጓል፣ ወንበሮቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል፣ የራት ሳህኑ በሌላ ሳህን ተከድኖ ጠረጴዛው ላይ ቀርቧል። አባቷ ሲወጣና ሲገባ ድሮ በር ድረስ የምትመጣ ልጅ ዛሬ ማድ ቤት ውስጥ ዕቃ ታጥባለች፤ የውሃው ድምፅ ይሰማል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በዚያች ምሽት ግን የሁለቱ ዝምታ ነቅዞ ቤቱን ሲያገማው ነበር። ኮቱን ወንበር ላይ አንጠለጠለ፤ ነጩ ክር በመብራቱ ጎልቶ ታየ። ላፕቶፑን ከፈተ። የሚላት ነገር ብዙ ነበር፤ ከሱቁ እስከ እቤት ሲያዘጋጀው መጥቷል። እናትሽ እንዲህ ብላ ነበር ሊል፣ አፌን ስሰጥሽ አምኜሽ ነው ሊል፣ ባስቆመው ኖሮ ማን ይዋረድ ነበር ሊል። ጣቱ ከቁልፍ ቁልፍ ሲዞር ቆየና በመጨረሻ አንዲት ቃል ጻፈ። «ልጄ።» ኮፒ አደረገ። ከመጥራቱ በፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መዳፉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ የምታሳየውን ትእዛዝ ጻፈና አየ። «ልጄ» ይላል። ከዚያ ጠራ።

«ልጄ» አለ ማሽኑ። ማድ ቤት ውስጥ ውሃው ተዘጋ።

«ልጄ» አለ። ሳህን በሳህን ላይ ሲቀመጥ ተሰማ፣ በጥንቃቄ፤ ከዚያ ምንም።

«ልጄ» አለ ለሦስተኛ ጊዜ። በሩን አየ። ማድ ቤቱ በር ላይ በተሰቀለው መጋረጃ ሥር የእግሯ ጥላ ይታያል፤ እዚያው ቆማለች፤ ወደፊትም አልመጣች፣ ወደኋላም አልተመለሰች። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ጥቁሩ መስኮት ላይ ቀጣዩን ትእዛዝ ይጠብቃል። እንደገና «ጥራ» ብሎ መጻፍ ይችላል። ስንቱን ባዕድ፣ ስሙን እንኳ የማያውቀውን ሰው፣ ደረጃ ወርዶ ሲጠራ የኖረባት አራተኛዋ ጥሪ እጁ ላይ ናት። ጣቱን አነሳ፣ ቁልፉ ላይ አደረሰው፣ እዚያው አቆየው። ከዚያ የላፕቶፑን ክዳን ዝቅ አድርጎ ዘጋውና፣ ድሮ ለዳኛው ይናገር እንደነበረው ሁሉ፣ በድምፅ አልባ ከንፈሩ «አልቀረበችም» አለ።